ድፍን ጥይትና ድፍን ክርክር

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 በኒው ዮርክ የጦር መሣሪያ ፈቃድ ሕግ ላይ የሰጠው ውሳኔ፣ እኛ ኢትዮጵያውያን በብዛት በምንኖርበት በዋሽንግተን አካባቢም ብዙ ነገር ለውጧል። ሜሪላንድ «በቂና ተጨባጭ ምክንያት ያላቀረበ ሰው ሽጉጥ ታጥቆ ከቤቱ አይወጣም» ስትልበት የኖረችውን መስፈርት በዚያው ዓመት በሐምሌ ትታዋለች። ዲሲ ተመሳሳይ መስፈርቷን ቀደም ብላ በ2017 በፍርድ ቤት ተነጥቃለች። ቨርጂኒያማ ድሮም እጇ ሰፊ ነበር። ስለዚህ ሌሊት ታክሲ ሲነዳ ከሚያድረው፣ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ብቻውን ከሚሠራው፣ የዕለት ሽያጩን ይዞ በእኩለ ሌሊት መደብሩን ከሚዘጋው ወገናችን መካከል ፈቃድ አውጥቶ የታጠቀ ሰው ማግኘት ዛሬ ብርቅ አይደለም።

መታጠቅ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ሙግት ለዛሬ ልተወው። እኔ በበኩሌ ሰው ሁሉ ይታጠቅ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። መሣሪያ ባለበት ቤት ሕፃን ሊያገኘው፣ ተስፋ የቆረጠ ሰው ራሱን ሊያጠፋበት እንደሚችል ያላሰበ ካለ፣ ሌላውን ሁሉ ትቶ መጀመሪያ ይህን ያስብ። ይሁን እንጂ ሕጉ ፈቅዶለት፣ ሥልጠናውን ጨርሶ፣ የጣት አሻራውን ሰጥቶ የታጠቀ ሰው በመካከላችን አለ። ይህ ሰው በየማለዳው ሽጉጡን የሚያጎርሰው የትኛውን ጥይት ነው? ጥያቄው የግል ጉዳዩ ብቻ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። አረሩ ከአጥቂው ጀርባ ወጥቶ የሚሄደው አውቶቡስ ወደምትጠብቀው እናት፣ ከግድግዳው ወዲያ ወደተኛው ጎረቤት ነውና።

በዚህ ጉዳይ በየቡናውና በየለቅሶ ቤቱ ድንኳን ጥግ የምሰማው ክርክር መቼም አያልቅም። አንዱ «ጥይት ጥይት ነው፣ በሣጥን 50 ፍሬ የሚሸጠው ርካሹ ይበቃል» ይላል። ሌላው «ያ ሰውነት ውስጥ የሚፈነዳው ጥይት የአረመኔ ሥራ ነው፤ በዓለም ሕግ የተከለከለ ነው» ብሎ ፊቱን ያጨፈግጋል። ሦስተኛው ደግሞ አያቱ በውጅግራና በምንሽር የሠሩትን ጀብዱ እያስታወሰ «ወንድ ከሆንክ ትልቁን ያዝ፤ ባለ .45 የመታው ሰው አይነሣም» ይለናል። ሦስቱም አልተማከሩም እንጂ የሚያደርሱን አንድ ቦታ ነው፤ የተሳሳተ ጥይት ያጎረሰ ሽጉጥ በሰው መካከል ይዞ መዞር። ከሦስቱ የከፋው ግን የሁለተኛው ስሕተት ነው፤ የሕሊና ካባ ደርቦ የሚመጣ ስሕተት ለመንቀል ያስቸግራልና።

መጀመሪያ ቃላቱን እናጥራ። ጥይት ስንል ቀለሁ፣ ባሩዱና አረሩ አንድ ላይ ነው፤ ልዩነቱ ያለው አረሩ ላይ ነው። ለዒላማ ልምምድ የሚሸጠው ርካሽ ጥይት አረሩ ከእርሳስ ተሠርቶ እስከ ጫፉ በመዳብ የተሸፈነ ነው፤ ድፍን እንበለው። ሌላው ጫፉ እንደ ትንሽ ጽዋ የተቦረቦረ ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ሆሎ ፖይንት ይለዋል፣ እኛ ጫፈ ጎድጓዳ እንበለው። ጎድጓዳው አረር እርጥብ ሥጋ ውስጥ ሲገባ ፈሳሹ በጽዋው ውስጥ ይጨናነቅና ከንፈሩን ወደ ውጭ ይገለብጠዋል፤ አረሩ እንደ እንጉዳይ ይከፈታል። «ይፈነዳል» የሚባለው ተረት ነው፤ በውስጡ የሚፈነዳ አንዳች ነገር የለም። ሲከፈት ስፋቱ ይጨምራል፣ ፍጥነቱን ቶሎ ያጣል፣ እንደታሰበው ከሠራም እዚያው ሰውነት ውስጥ ይቆማል። ድፍኑ ግን ቅርጹን ሳይለውጥ ሾልኮ ያልፋል፤ ከወጣም በኋላ ሌላ ሰው ለመግደል የሚበቃ ጉልበት ሊተርፈው ይችላል።

ይህን ከእኔ ይልቅ የኒው ዮርክ ፖሊስ ይመስክር። ያ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1993 ከሪቮልቨር ወደ ባለ 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ መሸጋገር ሲጀምር ፖሊሶቹን ያስታጠቀው ድፍን ጥይት ነበር። ውጤቱን በጥቂት ዓመታት ውስጥ አየው። ተፈላጊውን የመታው አረር አልፎ ሄዶ መንገደኛ መታ። እ.ኤ.አ. በ1998 መሥሪያ ቤቱ ወደ ጫፈ ጎድጓዳው ለመዛወር ሲወስን «ጨካኝ ጥይት ነው» የሚል ተቃውሞ ገጥሞት ነበር፤ መልሱም መንገደኛውን የሚጠብቀው ይህኛው ነው የሚል ሆነ። በከተማ ለሚኖር ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ እስካሁን አልተሰጠም። በዛሬይቱ አሜሪካ በድፍን ጥይት ሥራ የሚወጣ የከተማ ፖሊስ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ታዲያ ያገሬ ሰው «ርካሹ ይበቃል» ሲል ማንን አማክሮ ነው? ከሣጥኑ ላይ ያተረፋት ጥቂት ዶላር በማን ደረት ልትመነዘር እንደምትችል አስቦ ያውቃልን?

አሁን ወደ አረመኔነቱ ክስ ልምጣ፤ እኛ ኢትዮጵያውያን ከሌላው ሕዝብ ይበልጥ ልናውቀው የሚገባ ታሪክ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ እንግሊዞች በካልካታ አቅራቢያ ዱምዱም በተባለ ሥፍራ በነበራቸው የጥይት ፋብሪካ ጫፉ ያልተሸፈነ የጠመንጃ አረር ሠርተው በቅኝ ግዛት ጦርነቶቻቸው ተኮሱበት። እ.ኤ.አ. በ1899 በሔግ የተሰበሰቡት መንግሥታት በሰው አካል ውስጥ በቀላሉ የሚሰፋና የሚደፈጠጥ አረርን በመካከላቸው በሚደረግ ጦርነት እንዳይተኩሱ ቃል ተገባቡ። እንግሊዝና አሜሪካ በጊዜው ተቃወሙ። እንግሊዝ በ1907 ገባች፤ አሜሪካ ግን ይህን መግለጫ ፈርማ አታውቅም። እንግዲህ «በዓለም ሕግ የተከለከለ» የሚባለው ይህ ነው። ክልከላው ለጦር ሜዳ እንጂ ለፖሊስም ሆነ ራሱን ለሚከላከል ግለሰብ የተጻፈ አይደለም። ልዩነቱም የቃላት ጨዋታ አይደለም። በጦር ሜዳ የቆሰለ ወታደር ከውጊያው ወጥቷል፣ ሥቃዩን ማብዛት ትርፍ የለውም፤ ከኋላው የቆመውም ሌላ ወታደር ነው። በጆርጂያ ጎዳና ላይ ግን ከአጥቂው ኋላ የቆሙት ሁሉ ሰላማውያን ናቸው።

ይህን «ዱምዱም» የሚለውን ቃል በእኛ ላይ ማን እንደተጠቀመበት ደግሞ እናስታውስ። የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር በመስከረም 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻግሮ ከገባ በኋላ የሮማ መንግሥት «ሐበሾች በዱምዱም ጥይት ይዋጉናል» እያለ ለመንግሥታት ማኅበር አቤቱታ አቀረበ። ይህ ክስ በቀረበበት ወራት ውስጥ፣ ያው መንግሥት ራሱ የተቀበለውን የ1925ቱን የጄኔቫ ፕሮቶኮል ጥሶ የይፕሪት መርዝ ከአውሮፕላን ያዘንብ ነበር። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በመልካ ዲዳ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በቦምብ ደበደበ። በኋላም መርዙን እንደ አጸፋ ለማስመሰል ከጠቀሳቸው ሰበቦች አንዱ ይኸው ጥይት ነበር። አርበኛው በእጁ የነበረው ከየአገሩ የተለቃቀመ ያረጀ ጠመንጃና ጥይት ነው። ጥቂቱ ጫፉ የለሰለሰ ነበር ቢባል እንኳ፣ መርዝ የረጨ እጅ ስለ አረር ጫፍ ሥነ ምግባር ሊያስተምረን የሚችልበት ችሎት የት ይገኛል? እኔን የሚገርመኝ የእነዚያ አርበኞች የልጅ ልጅ ያንኑ ቃል ተቀብሎ፣ ትርጉሙን ሳይመረምር፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ላይ እንደ ፍጹም እውነት መልሶ ማስተጋባቱ ነው። በሥጋ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አቃልዬ አይደለም የምናገረው። ሁለቱም ጥይት ይገድላል። የጎድጓዳው ቁስል ሰፊ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ቃታ መሳብ የሚፈቀደው ሞትን ለማስቀረት ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ ነው። እዚያ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው «ርኅሩኅ» ብሎ የያዘው ድፍን ጥይት ለአጥቂው አንዳች ርኅራኄ አይጨምርም፤ አጥቂው እስኪቆም ድረስ ብዙ ጊዜ እንዲተኩስበት፣ እያንዳንዱም አረር አልፎ እንዲሄድ ያደርገው ይሆናል እንጂ።

ወደ «ትልቁን ያዝ» ባዮች ልለፍ። ይህ ጸሐፊ መተዳደሪያው ፊዚክስ ማስተማር ስለሆነ፣ በዚህ ላይ ትዕግሥቱ አጭር ነው። በሲኒማ አረር የመታው ሰው ወደ ኋላ ተወርውሮ መስኮት ሰብሮ ይወድቃል። ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚሰጥ ስሌት ይህን ያፈርሰዋል። የ9 ሚሊ ሜትር አረር 8 ግራም ያህል ይመዝናል፣ በሴኮንድ 350 ሜትር ያህል ይጓዛል። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ውስጥ ገብቶ ቢቆም፣ ሰውየውን የሚገፋው በሴኮንድ ሦስት ተኩል ሴንቲ ሜትር በሚሆን ፍጥነት ነው። የ.45ቱ አረር 15 ግራም ያህል ሆኖ በሴኮንድ 260 ሜትር ቢጓዝ፣ ግፊቱ አምስት ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ሰው ዘና ብሎ ሲራመድ እንኳ በሴኮንድ 140 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። እንዲያውም የሚገፋው እንዲህ የሚወረውር ቢሆን ኖሮ፣ ኒውተን በሦስተኛው ሕጉ እንዳስተማረን፣ ተኳሹም አብሮ በተወረወረ ነበር። ሽጉጥ ሰው አይጥልም። ሰውን የሚያቆመው አረሩ የሚደርስበት ቦታ ነው፤ አንጎልና አከርካሪ ከተነካ ወዲያው፣ ልብና ታላላቅ የደም ሥሮች ከተነኩ ደም ሲፈስ። ልቡ የተመታ ሰው እንኳ በአንጎሉ በቀረው ኦክስጅን አሥር ሴኮንድና ከዚያ በላይ ሊታገል ይችላል።

የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ ይህን የተማረው በደም ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 11 ቀን 1986 በማያሚ አካባቢ ስምንት የቢሮው ባልደረቦች ሁለት የባንክ ዘራፊዎችን ገጠሙ። ውጊያው ገና እንደጀመረ ከ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ የወጣ ጫፈ ጎድጓዳ አረር ከዘራፊዎቹ የአንደኛውን ክንድ በስቶ ደረቱ ውስጥ ገባ፣ ሳንባውን ቀደደ፣ ከልቡ አጠገብ ሲደርስ አቅም አጥቶ ቆመ። ሰውየው መዋጋቱን ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ሁለት የቢሮው ባልደረቦች ተገደሉ፣ አምስት ቆሰሉ። አረሩ ተከፍቷል፣ ግን በቂ ጥልቀት አልነበረውም። በዚህ ምክንያት ቢሮው የራሱን መፈተኛ አወጣ። አረሩ ሥጋን በሚመስል ጄላቲን ውስጥ፣ በወፍራም ልብስ፣ በጣውላ፣ በግድግዳ ጂፕሰም፣ በቆርቆሮና በመኪና መስታወት አልፎ ጭምር፣ ከ12 ኢንች ባላነሰና ከ18 ኢንች ባልበለጠ ጥልቀት መቆም አለበት። በሴንቲ ሜትር ከ30 እስከ 46 መሆኑ ነው። «የሰው ደረት ይህን ያህል አይወፍርም» የሚል አንባቢ የማያሚውን ክንድ ያስታውስ፤ አረር ሁልጊዜ ፊት ለፊት አይገባም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለክርክራችን መልስ ነው። ቢሮው በመጀመሪያ ልክ እንደ እኛ ሰዎች «ትልቅ ይሻላል» ብሎ ወደ 10 ሚሊ ሜትር፣ ቀጥሎም ወደ .40 ሄደ። ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ማብራሪያ ወደ 9 ሚሊ ሜትር መመለስን መረጠ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። በዘመናዊ ጫፈ ጎድጓዳ አረር የ9፣ የ.40 እና የ.45 ቁስል ተለይቶ አይታወቅም፤ ባለ 9 ሚሊው ግን እጅን ብዙ አያናውጥም፣ ካዝናው ብዙ ይይዛል፣ ተኳሹም ፈጥኖና አነጣጥሮ ይመታበታል። ስለዚህ የሱቁ ሻጭ ባለ .45 ሲያስታቅፍህ፣ ከዚህ ሁሉ ፈተና በኋላ ምን አዲስ ነገር እንዳገኘ ጠይቀው።

ሻጩን ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። መደርደሪያው ላይ የራስ ቅል የተሣለበት፣ ስሙ ራሱ የሚያስደነግጥ፣ በ20 ፍሬ ሣጥን በውድ የሚሸጥ ልዩ ልዩ ጥይት አይታችሁ ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ገና እንደነካ የሚበታተን ቀላል አረር አለ፤ የማያሚው ዓይነት ችግር፣ ማለትም የጥልቀት እጥረት፣ አብሮት የተወለደ ነው። ፖሊሶች ለዓመታት የያዟቸው እንደ ስፒር ጎልድ ዶትና ፌደራል ኤችኤስቲ ያሉት ግን ሣጥናቸው ጭር ያለ፣ ፈተናውን ያለፉ ናቸው። የመረጠም ሰው በገዛ ሽጉጡ መቶ ያህሉን ሳይተኩስ አይመን፤ አንዳንዱ ሽጉጥ የጎድጓዳውን ጫፍ ሲያጎርስ ይነክሳል። አንዱን ጥይት በየማለዳው ማውጣትና መልሶ ማጉረስም አረሩን ወደ ቀለሁ ውስጥ ይገፋዋል፤ ያን ጊዜ ሲተኮስ ግፊቱ ከልክ ያልፋል። ይህን የሚነግር ሻጭ እስካሁን አልገጠመኝም።

ይሁን እንጂ ጥሩ ጥይት የያዘ ሰው የጽድቅ ሥራ የሠራ እንዳይመስለው። ጎድጓዳ አረር የሚቆመው የታለመለትን ሲመታ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1999 በኒው ዮርክ አራት ፖሊሶች በደጃፉ የቆመውን፣ መሣሪያ ያልያዘውን ጊኒያዊ ስደተኛ አማዱ ዲያሎን ሲገድሉ 41 ጊዜ ተኩሰው ያገኙት 19 ጊዜ ነው። በጥቂት ርምጃ ርቀት ከግማሽ በላይ ሳቱ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 በኢምፓየር ስቴት ሕንፃ ሥር ሁለት ፖሊሶች በአንድ ነፍሰ ገዳይ ላይ 16 ጥይት ሲተኩሱ፣ በፖሊስ ጥይትና በስብርባሪ ዘጠኝ መንገደኞች ቆሰሉ፤ ያን ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ጫፈ ጎድጓዳውን ከያዘ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ደመወዝ እየተከፈላቸው የሚለማመዱት እንዲህ ከሆኑ፣ ፈቃዱን ባወጣበት ቀን ተኩሶ ዳግመኛ ሜዳ ያልረገጠው ባለ መደብር ምን ሊሆን ነው? የምንኖርበት አፓርትማ ግድግዳው ጂፕሰም ነው፤ የትኛውንም የሽጉጥ አረር አያቆምም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላል ያገራችን ሰው፤ ከአፈሙዝ የወጣማ ስንት ቤት ያልፋል! ለልምምድ ድፍኑና ርካሹ ጥይት ሞልቷል፤ ቦታውም እዚያው፣ የተኩስ ሜዳው ነው።

ሕጉስ? እዚህ ላይ የሕግ አውጪዎችንም ሳልወቅስ አላልፍም። የኒው ጀርሲ ሕግ ጫፈ ጎድጓዳውን ጥይት፣ «ዱምዱም» የሚለውን የ1899 ስም ሳይቀር ጠቅሶ፣ በቤትህ አኑረው፣ ወደ ተኩስ ሜዳም ውሰደው፣ ይዘኸው ግን እንዳትዞር ይላል። ጥፋቱ እስከ 18 ወር ያሳስራል። የዚያው ክፍለ ግዛት ፖሊሶች ግን ይህንኑ ጥይት ታጥቀው ይዞራሉ። የትሬንተን እንደራሴዎች ሽጉጡን መንካት ቢከብዳቸው ጥይቱን መቱ፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው። ጎድጓዳው በፕላስቲክ የተሞላ፣ እንደ ሆርናዲ ክሪቲካል ዲፌንስ ያለ ጥይት ግን በክልከላው ውስጥ እንደማይገባ የክፍለ ግዛቱ ፖሊስ ራሱ አስታውቋል። ሥራው አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ወንጀል፣ ሌላው ሕጋዊ! ይህ ሕግ ያተረፈው ነገር ቢኖር ፈቃድ አውጥቶ የታጠቀውን ሰላማዊ ሰው ለመንገደኛው ይበልጥ ወደሚያሠጋው ድፍን ጥይት መግፋት ነው።

ጥይት መምረጥ በፍርድ ቤትም ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሪዞና ተራራ ላይ ሲጓዝ ሰው ሮጦ የመጣበት አንድ ጡረተኛ መምህር ተኩሶ ገደለ፤ ዓቃቤ ሕጉ የ10 ሚሊ ሜትር ሽጉጡንና የጎድጓዳ ጥይቱን ነገር በጁሪው ፊት አነሣበት። በ2006 ተፈረደበት፤ ፍርዱ በይግባኝ የተሻረው በ2009 ነው። ከዚህ ተነሥቶ «ስለዚህ ድፍን እንያዝ» የሚል ጠበቃ አከል መካሪ አይጠፋም። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው፤ ያካባቢህ ፖሊስ የያዘውን ዓይነት የያዝክ እንደሆነ ለምን እንደመረጥከው የሚናገርልህ ምስክር አታጣም። መንገደኛ የገደለ ድፍን አረር ግን ምስክር የለውም።

ለእኛ ለስደተኞች ደግሞ ከሁሉ የሚቀድም ነገር አለ። በተማሪነት፣ በጉብኝት ወይም በሌላ ጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው፣ የአደን ፈቃድን ከመሰሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ በፌዴራል ሕግ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን አንዲት ፍሬ ጥይት እንኳ መያዝ አይችልም፤ የመኖሪያ ወረቀት የሌለውም እንዲሁ። ግሪን ካርድ ያለው መያዝ ይችላል፤ በመሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ግን ከአገር ሊባረር ይችላል። የቨርጂኒያ ፈቃድ የፖቶማክን ድልድይ ተሻግሮ ዲሲና ሜሪላንድ ሲገባ ዋጋ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2013 የፔንሲልቬንያ ፈቃዷን አምና ሽጉጧን ይዛ ኒው ጀርሲ የገባች እናት ለትራፊክ ጉዳይ ስትቆም ራሷ ለፖሊሱ ተናገረች፤ ዓመታት የሚያሳስር ክስ ተመሠረተባት፣ ነገሩ ሙሉ በሙሉ የተዘጋላት በ2015 በገዢው ምሕረት ነው። እሷ ዜጋ ነበረች። ግሪን ካርድ የያዘው ወገኔ ግን የገዢ ምሕረት እስኪመጣ ኢሚግሬሽን ላይጠብቀው ይችላል። ለሠርግ ወይም ለበዓል ከዚህ ተነሥቶ ወደ ኒው ዮርክ የሚነዳ ሰው የደላዌር መታሰቢያ ድልድይን ተሻግሮ ኒው ጀርሲ ሲገባ፣ ሽጉጡም ጥይቱም ሌላ ስም ያገኛሉ። በመንገድ የሚያልፍን ሰው የሚጠብቀው የፌዴራል ሕግ የሚሠራው መሣሪያውን ይዞ መቆየት በሚደርስበትም ቦታ ሕጋዊ ሲሆን ነው፤ የኒው ዮርክ ፈቃድ የሌለው ሰው ጉዞው ከመነሻው አይሸፈንም። እንዲህ ያለው ሰው ሽጉጡን ከነጥይቱ ቤቱ ቆልፎ ትቶ ይሂድ።